ልጆቻችን ከተማቸውን ያውቋታልን?

የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ «የአያቶቻችሁን ሰፈር ሥዕል ሥላችሁ አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ አያቴ ያደገችው የት ነው?» አለችኝ። «ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ» አልኳት። «ምን ይመስላል?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። በዚያ አካባቢ ለዓመታት ተመላልሻለሁ፤ ያለፍኩት ግን ሁልጊዜ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ሰዓቴን እያየሁ ነው።

እናቴ ከጎናችን ሽንኩርት እየላጠች ትሰማን ነበር። «ለስንት ዓመት ልጆቹን በእግር ልውሰዳቸው አልኩሽ፤ አንቺ እሑድ በመጣ ቁጥር ልብስ አለብኝ፣ እንጀራ አለብኝ ትያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ዛሬ ነገ ስል ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ተነሣ። ቤቶቹ የሉም። እናቴ ግን «ቤቱ ባይኖር መንገዱ አይጠፋኝም» ስላለች፣ በጥር ወር አንድ እሑድ እናቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ በእግር ለመሄድ ተስማማን።

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ልናነሣ የወደድነው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን የሚኖሩባትን ከተማ በእግራቸው ረግጠው እንዲያውቋት ማድረግ አስጎብኚም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት፣ ጥቂት ዝግጅትና የአንድ ጠዋት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዋዜማው ማታ ከደብተር ላይ አንድ ገጽ ቀድደን የምንቆምባቸውን ቦታዎች በተራ ጻፍን። መነሻችን አራዳ ጊዮርጊስ፣ መድረሻችን ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሆነ። ርቀቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በእያንዳንዱ ቦታ ስም ትይዩ ልጆቹ የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ አሰፈርን።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጊዮርጊስ ደረስን። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ እንደ ዘመተ እናቴ ለልጆቹ ነገረቻቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አንሥተውት እንደ ነበርና ከነፃነት በኋላ ተመልሶ እንደ ተተከለ ስነግራቸው፣ የሰባት ዓመቱ ልጄ «ሐውልት ምን አደረጋቸው?» ሲል ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ታክሲ ውስጥ ሆኖ አይጠይቅም ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዐድዋ ድል መታሰቢያ ከውጭ አይተን፣ ውስጡን ለሌላ ቀን ቀጠሮ ያዝንለት።

ከዚያ ወደ ጣይቱ ሆቴል አመራን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በ1898 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ይህ ሆቴልም የእርሳቸው ውጥን ነበር። በጥር 2007 ዓ.ም. ከባድ የእሳት አደጋ ደርሶበት ነበር። ልጄ በወረቀቷ ላይ «ለከተማችን ስም ያወጣች ሴት ናት» ብላ ስትጽፍ አየሁ። ይህን ሳላስተምራት ለአሥራ አንድ ዓመት መቆየቴ አሳፈረኝ።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስንወርድ እናቴ ዝም አለች። ሰፊው አዲስ መንገድ ላይ ቆማ ግራና ቀኝ አየች። «የቱ ጋ ነበር?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። እንባዋ የሚመጣ መስሎኝ «በቃ እንሂድ» ልል ስል፣ የልጄን እጅ ይዛ እስከ ድልድዩ ወረደች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ዳገቱን በዝግታ መውጣት ጀመረች። «ውኃ ቀድተን ስንመለስ እዚህ ጋ ነበር የምናርፈው» እያለች ጥቂት ሄደችና ቆመች። «እዚህ ነው። እግሬ ያውቀዋል» አለች። ልጄ በዚያ ቦታ ላይ ቆማ ድልድዩንና ዳገቱን ሣለች። ለቤት ሥራዋ ያስረከበችውም ይህንኑ ሥዕል ነው፤ ቤት የለበትም።

አራት ኪሎ ስንደርስ የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የድል መታሰቢያ ሐውልትን ዞረን አየን። በመጨረሻም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የሲልቪያ ፓንክኸርስትን መቃብር ጎበኘን። እኒህ እንግሊዛዊት፣ አገራችን በፋሺስት ስትወረር በአገራቸው ሆነው ጋዜጣ እያሳተሙ ለኢትዮጵያ የተሟገቱ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ያረፉትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ልጆቹ በደረጃው ጥግ ቁጭ ብለው ቆሏቸውን ሲቆረጥሙ፣ እናቴ «ደከመኝ፤ ግን ደስ ብሎኛል» አለች።

እንዲህ ያለውን ጉዞ ለምታስቡ እናቶች ከልምዳችን ጥቂት ምክር እናካፍላችሁ። አንደኛ፣ ከተማችን ከፍታዋ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በተቻለ መጠን ከላይ ተነሥታችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ መመለሻችሁን በታክሲ ወይም በአውቶቡስ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ከስድስት ቦታ በላይ አትያዙ፤ ሕፃናት ይሰለቻሉ። ሦስተኛ፣ የሚታረፍበትንና መጸዳጃ ቤት የሚገኝበትን ቦታ አስቀድማችሁ በወረቀቱ ላይ ጻፉ። ጠፍጣፋ ጫማ፣ ውኃና ቆሎ፣ ለቤተ ክርስቲያን መግቢያ ነጠላ አትርሱ። አራተኛ፣ በከተማችን ሰው መንገድ የሚያመላክተው ከጎዳና ስም ይልቅ «ከድልድዩ ወዲህ፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ» እያለ ነውና፣ በየመንገዱ ያሉ አዛውንትን በትሕትና ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን አያት ካለች አያትን ይዛችሁ ውጡ።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» የምትል እኅት እንደማትጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። በዚያ እሑድ ባለቤቴ ልብሱን አጥቦ፣ ሽሮውን ሠርቶ ጠበቀን። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ማንም ግን ቅር አላለውም። የቤት ሥራ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ብቻ እስከ ወደቀ ድረስ፣ ልጆች ከእናታቸው የሚያገኙት የተረፈውን ድካሟን ነው። ስለሆነም በወር አንድ ጠዋት ለእናት ማስለቀቅ የቤተሰቡ ሁሉ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።

ከተማ ይለወጣል፤ መለወጡም አይቀርም። የፈረሰ ቤት የት እንደ ነበረ የምትነግረን አያት ግን ሁልጊዜ አብራን አትኖርም። እኔ የእናቴን ሰፈር ቆሞ ሳለ ለልጆቼ ሳላሳያቸው ቀርቻለሁ። እናንተ የእናንተን አታዘግዩት። እስቲ ዛሬ ማታ እናታችሁን «ያደግሽበት መንገድ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ወረቀቱንና እርሳሱን ለልጃችሁ ስጡት።