ክኒኑ ራሱ ሲያም

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሰሞኑን ማታ ደወለችና «ጋሼ፣ ለእማዬ አትንገርብኝ እንጂ ራሴን በየቀኑ ያመኛል» አለችኝ። ሐኪም አይቷት ምንም አላገኘባትም። እናቷ ብትሰማ «ዓይን ነው» ማለቷ አይቀርም።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ጋዜጠኝነቱን ትቼ ለትምህርት ባሕር ማዶ የሄድኩ ጊዜ እኔንም እንዲሁ ያመኝ ነበር። አገር ቤት በቀን ሦስቴ ቡና የለመደ ራስ፣ ዶርም ገብቶ ስኒ ሲያጣ ያምፃል። ቡና በተቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። እኔ ይህን የት አውቄ! ክኒን በክኒን ላይ ስውጥ ከረምኩ። ለካ ተራ ማስታገሻም ቢሆን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ እየተወሰደ ከ3 ወር ካለፈ፣ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል! የዳንኩት በሐኪም ምክር ስተወው ነው።

«አንቺስ ስንት ትውጫለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ለሐኪሙም አልነገረችውም።

ደብተር አውጪ አልኳት፤ ያመመሽን ሰዓት፣ እንቅልፍሽን፣ ምግብሽን፣ ክኒኑን ሳትደብቂ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪው። ዓይንሽንም ተመርመሪ። ድንገት የሚፈነዳ ሕመም፣ ትኩሳትና አንገት አልታጠፍ ማለት፣ የእጅ መዛል ወይም የአፍ መተሳሰር ከመጣ ግን ደብተሩን ጥለሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ።

ወላጆች ሆይ፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» ከማለታችን በፊት «ተኛሽ ወይ? በላሽ ወይ?» እንበል። ልጆቻችን ሕመማቸውን የሚደብቁን የእኛን ተስፋ ስለተሸከሙ ነው።