እንጦጦ በሁለት ጎማ፦ ቅድሚያ ለማን?

ነገሩን ከሚያጓጓው በኩል እንጀምረው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው በባሕር ዛፉ መሀል ቀጫጭን መንገዶች ያያል። ዳገቱን ታክከው ይወጣሉ፣ ሸለቆ ይገባሉ፣ ጅረት ተሻግረው ሌላ ኮረብታ ይይዛሉ። ማውንቴን ሳይክል የምንወድ የከተማ ልጆች እነዚህን መንገዶች ስናይ ምራቃችንን እንውጣለን። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለ መንገድ ለማውጣት በጀት ይመድባል፣ ባለሙያ ይቀጥራል፣ ዓመታት ይፈጃል። የእኛው ግን ተሠርቶ ተቀምጧል።

ማን ሠራው?

ማዘጋጃ ቤት አይደለም። እኛም አይደለንም። በአብዛኛው የወጣው በእግር ነው፤ በእንጨት ተሸካሚ እናቶች እግር፣ በአህያ ኮቴ፣ ወደ ደብሮቹ በሚወጣው ምዕመን። ይህን ማወቅ ለታሪክ ብቻ አይጠቅምም። የዛሬው ሐሳባችን የሚቆመውም እዚሁ ላይ ነው፦ እንጦጦን በሳይክል እንውጣ፤ ነገር ግን እንደ ባለቤት ሳይሆን መንገዱን እንደተዋሰ ሰው ሆነን እንውጣ።

የአዲስ አበባና የማገዶ ነገር የቆየ ነው። ምኒልክ መጀመሪያ በእንጦጦ ተቀምጠው ኋላ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ፣ የአካባቢው ጫካ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተመናመነ። እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሳ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ሁሉ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ የገባው፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው።

ዛፉ ግን በራሱ እግር ወደ ምጣድ አይሄድም። ጭራሮውን ለቅማ፣ ቅጠሉን ጠርጋ፣ የራሷን ክብደት ሊያህል የሚችል ሸክም በጀርባዋ አዝላ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ የምታወርደው እናት ነች። የብዙዎቻችን አያቶች እንጀራ የጋገሩት በዚያ ቅጠል ነው። እሷ ግን በጥበቃ ስትባረር፣ አንዳንዴም ሸክሟን ስትቀማ ኖራለች።

በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። አስፋልቱ፣ ካፌው፣ የፈረስ ግልቢያው፣ የሳይክል መንጃው አብረው መጡ። ፓርኩን ለመንቀፍ አልተነሳንም። ከተሸካሚዎቹም ከፊሎቹ በእንጀራ መጋገሪያና በመሳሰሉት ሥራ ማግኘታቸው ተነግሯል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ኮረብታው ፓርኩ ብቻ አይደለም። በየካ በኩል ከፈረንሳይ በላይ ጀምሮ እስከ ኮተቤ ጀርባ ባለው ጫካ እንጨት የተሸከመች እናት ዛሬም ትገጥማችኋለች።

ሳይክል ነጂውም እየበዛ ነው። በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ከመኪና ነጻ ሲሆኑ ብዙ ልጅ መንዳት ለመደ። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር በየመንገዱ ማየት ጀመርን። ሜዳ የለመደ ጎማ ደግሞ ዳገት ያምረዋል። ስለዚህ ነገ ሁለቱ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ቁልቁል የሚበረው ልጅና ጎንበስ ብላ የምትወርደው እናት፣ አንድ ክንድ ተኩል በሚሰፋ መንገድ ላይ። ከመገናኘታቸው በፊት ሦስት ነገር እንስማማ እንላለን።

አንደኛ፦ ቅድሚያ ለተሸካሚ። በሌላው ዓለም ያለው ደንብ ባለ ሳይክል ለእግረኛና ለፈረስ ይቆማል፣ ወራጅ ለወጪ መንገድ ይለቃል የሚል ነው። የእኛ ኮረብታ የራሱ ተጨማሪ አንቀጽ ያስፈልገዋል። ሸክም ያዘለች ሴት እንደልቧ መቆም አትችልም፤ አንዴ ካወረደችው መልሶ የሚያሸክማት ሰው ትፈልጋለች። ከኋላዋ መጥቶ «ማዘር፣ መንገድ!» ብሎ መጮህ ነውር ነው። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ሳይክላችሁን ይዛችሁ ወደ ገደሉ በኩል ጠጋ በሉና እሷን በዳገቱ በኩል አሳልፉ። «እንደምን ዋሉ እማማ» ማለትም ገንዘብ አያስወጣም። ወደ ዋሻ ሚካኤል ስትቃረቡም እንዲሁ ነው። ያ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ስፍራ እንጂ መዝለያ አይደለም፤ ሳይክል እየተገፋ ይታለፋል።

ሁለተኛ፦ ውሃውን እንወቅ። የእንጦጦ ጀርባ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ አባይ፣ በደቡብ የወረደው ደግሞ በቀበናና በእህት ወንዞቿ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቅጠሉ ተጠርጎ ባለቀበት ባሕር ዛፍ ሥር አፈሩ ራቁቱን ነው። ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ አቋራጭ ላይ ጎማ ሲመላለስበት በክረምት የጎርፍ መውረጃ ይሆናል፣ በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። አፈሩ ታጥቦ የሚደርሰው ታች ቀበና ዳር ያሉ ቤቶች ጋ ነው።

መንገድ አውጪዎች ለዚህ ቀላል መለኪያ አላቸው፦ የመንገዱ አወጣጥ ከኮረብታው ጎን ቀጥነት ከግማሽ አይብለጥ፣ በአማካይም ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ወለሉ ወደ ቁልቁለቱ በትንሹ ያዘንብል፣ ውሃ እንዳይጠራቀም አልፎ አልፎ ዝቅ ከፍ ይበል። ስለዚህ ደስ ያሉንን አቋራጮች ሁሉ መንዳት የለብንም፤ አንዳንዶቹን መተው፣ ሌሎቹን ማዞር ያስፈልጋል። መሬቱ ጭቃ በሆነ ሰሞን ደግሞ ቤት መቀመጥ ነው።

ሦስተኛ፦ ሥራው ለሰፈሩ ሰው ይሁን። እንዲህ ያለው መንገድ ዶማ፣ አካፋና ሬክ እንጂ ዶዘር አይፈልግም። በከተማችን የሴፍቲኔት መርኃ ግብር የታቀፉ ሰዎች ሰፈር ሲያጸዱና ችግኝ ሲንከባከቡ አይተናል። መንገድ መጠገን፣ ምልክት ማቆም፣ እንግዳ መምራት፣ ሳይክል ማከራየትና ጎማ መለጠፍ ለየካ ወጣቶችና ለእነዚያው እናቶች ሥራ መሆን ይችላል። ኮረብታውን ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ማታ ጅቡ በየት እንደሚያልፍ ጭምር።

«እናንተ ደግሞ! ሰው ማገዶ ተሸክሞ እየወደቀ ሳይክል ትላላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሳይክል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ በ1956 ሜልበርን ኦሊምፒክ ላይ ነድቷል፤ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ በ2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናግዳለች። የሯጮቻችንን ሳንባ ያሰፋ ኮረብታ ለባለ ሳይክሎች አያንስም። ቅንጦት የሚሆነው ነገሩን ለከፋይ ብቻ ካጠርነው ነው።

ካልተስማማን ምን ይመጣል? ይህ ስፖርት እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ በተወለደበት በካሊፎርኒያው ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነጂዎች ከእግረኞችና ከፈረሰኞች ጋር ተጣሉ፤ ብዙ ቀጫጭን መንገዶችም ለሳይክል ተዘጉ። እኛ ጋ ግን የሚዘጋው ለማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ሳይክል ያለው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ጭራሮ የያዘችው እናት ሌላ ኮረብታ የላትም።

እንግዲህ በመጪው እሁድ የምትወጡ፣ ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት ፍሬናችሁን ሞክሩት። ለራሳችሁ ብላችሁ ብቻ አይደለም።