መንጃ ፈቃዱ ሲታገድ እንጀራውስ?

እሪ በከንቱ ለምን እሪ በከንቱ እንደተባለ ፒያሳ ያደገ ሁሉ የሰማው ነው። ድሮ በዚያ ሸለቆ ሌባ የገፈፈው ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይላሉ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ስም ትዝ ያለኝ ግን ከሌባ ጋር በተያያዘ አልነበረም። የሰፈሬ ልጅና አብሮ አደጌ የሆነ የሚኒባስ ሾፌር ጊዮርጊስ አካባቢ አግኝቶኝ ቡና እየጠጣን መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር መታገዱን ሲያጫውተኝ ነው። ሰው አልገጨም፤ ጠጥቶም አልተያዘም። በማይፈቀድ ቦታ ቆመሃል፣ ትርፍ ጭነሃል እየተባለ የተመዘገበበት ነጥብ ተጠራቅሞ ነው። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለውም። የጠየቀኝ ጥያቄ አጭር ነበር። ቅጣቱ ይሁን፣ ግን ጠዋትና ማታ ለሥራ ብቻ እንድነዳ የሚፈቅድ ሕግ የለም ወይ?

የለም አልኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ አላረካኝም።

የነጥብ ሥርዓቱ የመጣው በ2003 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ነው። ደንቡ ጥፋቶችን በእርከን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ከገንዘብ ቅጣት ሌላ ነጥብ ይመድብ ነበር፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መጀመሪያ እገዳ፣ ቀጥሎ ስረዛ ይመጣ ነበር። በእገዳና በሙሉ ፈቃድ መካከል ግን ምንም አላስቀመጠም። አንድ ሰው ወይ ይነዳል፣ ወይ አይነዳም። ሕጋችን ከፋፍሎ መፍቀድ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ። መንጃ ፈቃዱን ራሱን ሞተር ሳይክል፣ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ ብሎ የከፋፈለ ሕግ ነው። በተሽከርካሪ ዓይነት የሚከፋፍል ሕግ በሰዓትና በመስመር መክፈል ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ደንቡ በሥራ ላይ ይዋል ሲባል የሆነውን አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ያስታውሰዋል። ሰኞ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ታክሲዎች ቆሙ፤ ሠራተኛውም ተማሪውም በእግሩ ተጓዘ። ጥያቄያቸው ከገንዘቡ ቅጣት ይልቅ ነጥቡ እንጀራችንን ይነጥቀናል የሚል ነበር። መንግሥትም አፈጻጸሙን ለሦስት ወር አዘገየው። (የካቲትና የአዲስ አበባ ታክሲ የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ በ1966ቱም የካቲት በነዳጅ ዋጋ ምክንያት የቆሙት ታክሲዎች ያስከተሉት ነገር ይታወቃል።) በ2009 ዓ.ም. ደንቡ በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ። ስለ ቅጣቱ ክብደት ብዙ ተከራከርን። ታግዶም ቤተሰቡን ስለሚያበላ ሰው ግን ሲነሣ አልሰማሁም።

በሌላ አገር ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ፈቃዱ የታገደ ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ልጅን ለማመላለስና ለመሳሰሉት ጉዳዮች ብቻ የተወሰነ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። በቴክሳስ ደግሞ ዳኛው የሚነዳባቸውን ሰዓታትና ቦታዎች ሳይቀር በትእዛዙ ይጽፋል፤ ሰውየው ትእዛዙን ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድም የሥራ ፈቃድ የሚባል አለ፤ አመልካቹ መንዳት ካልቻለ መተዳደሪያውን እንደሚያጣ በአሠሪው ቃለ መሐላ ጭምር ማስረዳት አለበት።

እስከዚህ ድረስ ለጓደኛዬ ጥሩ ዜና ይመስላል። ዝርዝሩ ሲታይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኩዊንስላንድ ጥፋቱን የፈጸመው ሥራው ላይ እያለ ከሆነ ይህን ፈቃድ አያገኝም። በአሜሪካም የከባድ ተሽከርካሪ ሾፌር ከታገደ ክልሎች ለሥራ ብሎ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ የተወሰነ ፈቃድ እንዳይሰጡት የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላል። የሥራ ፈቃድ የሚባለው በዋናነት የታሰበው መኪናውን ነድቶ ወደ ቢሮው ለሚሄድ ሰው ነው። ማለትም ለእኔና ለእናንተ ነው፤ መንዳት ራሱ ሥራው ለሆነው ሰው አይደለም። የውጭውን ሕግ እንዳለ ብንገለብጠው ታክሲ ተሳፍሮ ቢሮው መድረስ የሚችለውን ባለሙያ ጠቅመን ባለታክሲውን በነበረበት እንተወዋለን።

ከዚህ የሚከብደው የመድን ጉዳይ ነው። በቨርጂኒያ ጠጥቶ በመንዳት የተቀጣ ሰው ኤፍ አር 44 የሚባል የመድን ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት፤ የመድኑ መጠን ሌላው አሽከርካሪ ከሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን እጥፍ ነው። መድኑ ከተቋረጠ ኩባንያው ለመንግሥት ያሳውቃል፣ ፈቃዱም ወዲያው ይታገዳል። የተወሰነው ፈቃድ የሚሠራው ሾፌሩን በየቀኑ የሚከታተል መድን ሰጪ ከኋላው ስላለ ነው።

የእኛ መድን ግን ሾፌሩን አያውቀውም። ከአዋጅ ቁጥር 559/2000 ጀምሮ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚገባው ለመኪናው ነው፤ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክትም ስለ መኪናው እንጂ ስለሚነዳው ሰው አይናገርም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሞት ካሳን ጣሪያ 40 ሺሕ ብር፣ አስቸኳይ ሕክምናን 2 ሺሕ ብር አድርጎ ነበር። በዚያ ገንዘብ የአንድ ሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚካስ ለአንባቢ ልተወው። የጸና መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ሙሉ መድን የገባ ባለንብረት እንኳ ኩባንያው አልከፍልም የሚልበትን ምክንያት ራሱ ሰጠው ማለት ነው። የታገደ ሾፌር ግን ቁጭ ብሎ አይጾምም። ትራፊክ በማይበዛበት ሰዓት፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የዕለት ገቢውን ብቻ በሚፈልግ ባለንብረት መኪና ይነዳል።

እገዳው ይቅር አልልም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ በአንድ ዓመት ከ400 በላይ ሰው የሞተባቸው ዓመታት ነበሩ፤ አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። የሰከረና ሰው የገደለ ሾፌር በምንም ሰበብ መሪ እንዲይዝ አልደግፍም። በእኔ እምነት ግን በማቆምና በመጫን ጥፋት ነጥብ የተጠራቀመበትን ሾፌር ከእነዚህ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ለእርሱ ፍርድ ቤት የሚሰጠው፣ መስመሩና ሰዓቱ የተጻፈበት ፈቃድ ቢኖር፣ አንድ ተጨማሪ ጥፋት ሲመዘገብበት የሚሰረዝ ቢሆን፣ እግረኛው ካሁኑ የባሰ አደጋ ላይ የሚወድቅ አይመስለኝም። ቅድመ ሁኔታው ግን መድን ነው። ኩባንያዎች ከመኪናው ጋር የሾፌሩንም ስምና የጥፋት መዝገብ መዝግበው ዓረቦኑን በዚያው ልክ ካልተመኑ ፈቃዱ ወረቀት ብቻ ይሆናል። የጨመረውን ዓረቦን ማን ይክፈል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ባለንብረቱ እምቢ ካለ ሾፌሩ ፈቃድ ይዞ ያለ መኪና ይቀራል።

ጓደኛዬ ስድስቱን ወር የጨረሰው በዚያው ሚኒባስ ላይ ነው፤ ረዳት ሆኖ። መሪውን የያዘው ባለንብረቱ የቀጠረው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ጓደኛዬ በር ላይ ቆሞ ሒሳብ እየሰበሰበ፣ ፍሬን ያዝ፣ ቀኝህን ጠብቅ እያለ ያስተምረው ነበር።