ድምፁን እንጂ ስሙን አንፈልግም!

«ድምፅ ማልበስ ደግሞ ትወና ሆነና ነው?» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልሞችን በእንግሊዝኛ ስለሚያናግሩ አሜሪካውያን ስናወራ። «ጃፓኖቹ ሥለውታል፤ ጃፓናዊው ተዋናይ ተጫውቶታል። ለአሜሪካዊው ምን ቀረለት? ማንበብ ብቻ!»

ነገሩ በሳቅ አለፈ። እኔን ግን አልለቀቀኝም። ይኸው አባባል ከቡና ቤት ጨዋታ አልፎ የሰው እንጀራ ማሳነሻ ሆኗልና።

እስቲ የስቲቭ ብለምን ነገር እንመልከት። የሺኒቺሮ ዋታናቤ «ካውቦይ ቢባፕ» በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በ2001 በአሜሪካው «አደልት ስዊም» ሲቀርብ፣ ስፓይክ የተባለው ወንጀለኛ አዳኝ የተናገረው በብለም ድምፅ ነበር፤ ሻካራ፣ ረጋ ያለ፣ ሕይወት የሰለቸው በሚመስል ድምፅ። ተመልካቹ ወደደው። የተዋንያኑን ዝርዝር ያነበበ ግን የብለምን ስም አላገኘም። የተጻፈው «ዴቪድ ሉካስ» የሚል ነበር።

ለምን? በዚያ ዘመን ብዙው የዚህ ዓይነት ሥራ የሚሠራው ከተዋንያን ማኅበሩ ውል ውጪ ነበር። ስለዚህ የማኅበሩ አባላት በሌላ ስም መጠራታቸው የተለመደ ነበር። ሰውየው ድምፁን ሰጠ፤ ስሙን ደበቀ።

አሁን ወደ «ማንበብ ብቻ» እንመለስ። ተዋናዩ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን፣ ማይክሮፎን ፊት ይቆማል። በጆሮው ሦስት ጊዜ ጢጥ ይላል፤ አራተኛው ሊመታ በሚገባው ቅጽበት መናገር አለበት። የሥዕሉ አፍ ሲከፈት መክፈት፣ ሲዘጋ መዝጋት አለበት። የሚመልስለት ባልደረባ አጠገቡ የለም። በዚህ ሁሉ መሐል መቆጣት፣ ማፍቀር፣ መሞት ይጠበቅበታል። ይህ ማንበብ ከሆነ፣ መድረክ ላይ መቆምም ሽርሽር ነው!

ብለም በ2012 በቪዲዮ ጨዋታዎች ብዛት ቀዳሚው የድምፅ ተዋናይ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ስሙ የኋላ ኋላ ወጣ። የሙያው ችግር ግን እዚያው ነው። በ2022፣ «ሞብ ሳይኮ 100» በተባለው ፊልም ዋናውን ገፀ ባሕርይ ለሁለት ምዕራፍ የተጫወተው ካይል ማካርሊ ለአከፋፋዩ ለክራንቺሮል አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያለ ማኅበሩ ውል ልሥራ፤ እናንተ ግን ስለ ወደፊቱ ከማኅበሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ልብ በሉ፤ የጠየቀው ንግግር ነው። አልተሳካም፤ ሚናው ለሌላ ተዋናይ ተሰጠ።

ገበያው ትንሽ ነው፣ ወጪው አይቻልም የሚሉ አሉ። ፊልሙ በካሴት በየቤቱ ይዞር በነበረበት ዘመን ይህ እውነትነት ነበረው፤ አልክድም። ነገር ግን ይኸው ክራንቺሮል በ2021 ለሶኒ የተሸጠው በ1.175 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቢሊዮን ከተቆጠረበት ቤት ለአንድ ስብሰባ የሚሆን ወንበር ጠፋ ይባላል?

እኛስ? ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማናገር ከጀመረ ወዲህ ገፀ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት በስማቸው እንጠራለን። ወዳጄን፣ ድምፃቸውን ካዋሷቸው ኢትዮጵያውያን የሦስቱን ስም ጥራልኝ አልኩት። አንድም አልመጣለትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከአንድ አላለፍኩም።

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ሲያዳምጠው የሚያመሸው ሰው «ማንበብ ብቻ» ብሎ ያቀለለውን ሥራ፣ ከፋዩ ምን ብሎ ያከብደዋል? እንግዲህ ፊልሙ ሲያልቅ ለመዝጋት አንቸኩል። ስሞቹ የሚመጡት ያኔ ነው።