ክርክሩ ከእርግዝናው በፊት ቢጀመርስ?

ስለ ውርጃ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ነፍስ ማጥፋት ነው» ይላል። ሌላው «አካሉም ሕይወቱም የሷ ነው» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። የሚገርመው ግን ሙግቱ ሁሉ ልጅቷ ካረገዘች በኋላ ስላለው ብቻ መሆኑ ነው። ያላሰበችው እርግዝና እንዴት መጣ? ብትወልድስ ማን አብሯት ይቆማል? ሁለቱ ወገኖች መስማማት የሚችሉት እዚህ ላይ ነበር፤ ይህን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ሕጉ ራሱ ከሁለቱም ወገን ወስዷል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ውርጃን በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ አስቀርቶታል። በአንቀጽ 551 ግን ተደፍራ ወይም ከቅርብ ዘመድ ላረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ለወደቀ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ላለበት፣ በዕድሜዋ ማነስ ወይም በአካልና በአእምሮ ጉድለት ልጅ ማሳደግ ለማትችል ፈቅዷል። ብዙ ሰው የማያነሳው ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው አንቀጽ 550 ነው። ፅንሱ የተቋረጠው በከፋ ድህነት ምክንያት ከሆነ ቅጣቱ እንዲቀልል ያዝዛል። ድህነት ሴትን ወደዚህ እንደሚገፋ ሕጉ አምኗል ማለት ነው። ቅጣት ማቅለል ግን ከድህነቱ አያወጣትም።

በመከላከሉ በኩል አገሪቱ የሠራችው ሥራ ቀላል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 36 ደርሰዋል። ለዚህ ለውጥ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ናቸው። ውርጃን የሚቃወምም የሚደግፍም በዚህ ሊከፋ አይገባውም።

ይህ ቁጥር ግን የባለትዳሮች ነው። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ የ17 ዓመት ልጅ ጤና ጣቢያ ገብታ መከላከያ ለመጠየቅ ታፍራለች። «ባል አለሽ ወይ?» መባልን ትፈራለች። ስለዚህ ዝም ትላለች። ስታረግዝ አሠሪዎቿ ያስወጧታል፤ ሆዷን ይዛ ወደ ቤተሰቧ መመለስ ነውር ይሆንባታል፤ ያስረገዛት ሰው ስልኩን ያጠፋል። ያን ዕለት ማታ የምትወስነውን የሚወስንላት የማንም ክርክር ሳይሆን ማደሪያ ማጣቷ ነው።

ስምምነት ግን ሁለቱንም ወገን ዋጋ ያስከፍላል። ውርጃን በሃይማኖት የሚቃወመው ወገን ለወጣቶች ስለ መከላከያ በግልጽ መነገሩን መታገሥ ይኖርበታል። «ጨዋ ልጅ አያስፈልጋትም» የሚለው ዝምታ ውርጃን አላስቀረም፤ ደብቆታል እንጂ። ያረገዘችውን ልጅ ከደጁ ማባረርም ማቆም አለበት፤ ውለጂ ብሎ ደጅ መዝጋት ምክር አይባልም።

ስለ ሴቶች ምርጫ የሚሟገተው ወገንም የሚመልሰው ጥያቄ አለ። መውለድ የምትፈልገው ግን የት እንደምትተኛ የማታውቀው ሴት ምርጫዋ ምኑ ላይ ነው? ለወለደች ተማሪ ወደ ክፍል የምትመለስበት መንገድ፣ ለወለደች ሠራተኛ ልጇን የምታውልበት ቦታ መጠየቅ የዚሁ ትግል አካል ነው።

አባትየውም አይረሳ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሴቲቱ ባረገዘችበት ጊዜ ወንዱ በጋብቻ ቃል አታሏት ወይም ሥልጣኑን ተጠቅሞ አስቷት ከሆነ ፍርድ ቤት አባትነቱን እንዲያውጅ ይፈቅዳል። ይህን መብቷን የሚነግራት፣ ክስ ሲመሠረትም አብሯት የሚቆም ሰው ማግኘት ለሁለቱም ወገን የሚሆን ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ዋናው ልዩነት አይጠፋም። የሃይማኖት አባቱም የመብት ተሟጋቿም እንደየእምነታቸው ይቀጥላሉ። ማንም እምነቱን እንዲተው የጠየቀው የለም። የተጠየቀው ሁለቱም የሚያምኑበትን ሥራ አብረው እንዲሠሩ ነው። በቀረው እስኪግባቡ ድረስ ልጅቷ አትጠብቃቸውም።