«ድሪቶ» ስድብ መሆኑ ይብቃ

በፖለቲካ ክርክር መሐል አንድን ሰነድ ማጣጣል የፈለገ ሰው «ድሪቶ ነው» ይላል። ሕጉ ድሪቶ፣ ፖሊሲው ድሪቶ፣ የተቃዋሚው ንግግር ድሪቶ። ቃሉ ከየትም የተለቃቀመ፣ አንዱ ካንዱ የማይገጥም ነገር ማለት ሆኖ ቀርቷል።

ድሪቶ ግን መጀመሪያ የእጅ ሥራ ስም ነው። ያረጀ ቀሚስ፣ የሳሳ ጋቢ፣ ከልብስ ሰፊ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አንድ ላይ ደርታ ለልጆቿ የሌሊት ልብስ ያደረገች እናት ሥራ ነው። ስለዚህ ስድቡ ሰነዱ ላይ ብቻ አያርፍም፤ እሷንም ይነካል።

ይህች እናት ቢቸናም አለች፣ ሞጣም አለች። ሁለቱ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። ቢቸና ሲባል በላይ ዘለቀና ዲማ ጊዮርጊስ ይነሣሉ። ሞጣ ሲባል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ይነሣል። ጀግናውም፣ ሊቁም፣ ድልድዩም መነሣት ይገባቸዋል። የሴቶቹን እጅ የሚያነሣ ግን የለም።

እስቲ የአንዲትን ባለሙያ ሴት ውሎ እናስተውል። ቀኗ ከጓሮ ይጀምራል። ጌሾው ይኮተኮታል፣ ጎመኑ ይቀነጠባል፣ ጤና አዳሙ ለቡና፣ ዳማ ከሴው ለምች ይጠበቃል። ከዚያ ጥጡ ይቀጥላል። ጥጥ በደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ መጥቶ ገበያ ላይ ይገዛል። ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል፣ ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተልና ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ክር ቀጭንና ጠንካራ መሆን አለበት፤ የጋቢ ማግ ደግሞ ወፈር፣ ለስለስ ይላል። ይህን ልዩነት የምትለካበት መሣሪያ የላትም። ልኩ ያለው ጣቷ ጫፍ ላይ ነው። ቡናው እየፈላ፣ ጎረቤት እየተጫወተ፣ እንዝርቷ አያርፍም። ሸማኔው ጥሩ ጋቢ ሠራ ሲባል ግማሹ ምስጋና የእሷ ነበር።

ስለ አንድነት የሚሰብክ ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ድሩን ማን እንደፈተለው ግን አይጠይቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ሥራ ይመጣል። በአማርኛ «ስፌት» የጨርቁም የሰፌዱም ስም ነው። መሶቡና ሰፌዱ የሚሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው፤ ሁለቱም ከሰፈር ዳር፣ ከግጦሽ መሬትና ከእርሻ ድንበር የሚነቀሉ ሣሮች ናቸው። ሰፊዋ የቱ ሜዳ ላይ ረጅም አክርማ እንዳለ፣ መቼ ቢነቀል እንደሚጠነክር ታውቃለች። ግጦሹ ሲታረስ ወይም ባሕር ዛፍ ሲለብስ ሣሩ እንደሸሸ መጀመሪያ የምታውቀውም እሷ ናት። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በሪፖርት የሚጽፈውን እሷ ባዶ እጇን ስትመለስ ታነበዋለች።

እዚህ ላይ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ታሪክ ያስተምራል። ወይራው፣ ጽዱና ኮሶው በየደብሩ አጸድ ለዘመናት ቆሞ ኖሯል፤ «የደብር ዛፍ» ከመባል ያለፈ ስም ግን አልነበረውም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከዓባይ ማዶ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ቆጥሮ 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎች መዘገበ። ዛሬ ስለነዚያ ደኖች ዓለም ያወራል፤ ዙሪያቸውን የድንጋይ አጥር ለማጠር ገንዘብ ይዋጣል። ዛፎቹ ያው የበፊቶቹ ናቸው። አዲሱ ነገር የቆጠራቸው ሰው መገኘቱ ብቻ ነው።

የሴቶቹ እጅ እስካሁን ቆጣሪ አላገኘም።

ሌላው ዓለም ድሪቶን ቆጥሮታል። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። የባሪያዎች ዘሮች የሆኑት ሴቶቿ ካረጀ የሥራ ሱሪና ከቁራጭ ጨርቅ የብርድ ልብስ እየደረቱ ኖሩ። የደረቱት ብርድ ሊከላከሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ድሪቶ በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቤት በቴምብር አተመው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በክርና በመርፌ፣ በቁልፍና ሰው በጣለው ዕቃ ሥዕል መሥራት ከጀመረ ቆይቷል። ሥራዎቹ የአሜሪካ ሙዚየሞች ደርሰዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ ዙሪያው የአትክልት ስፍራ ነው። መርፌ፣ ጭቃ፣ ጓሮ፤ ሦስቱም የቢቸናና የሞጣ እናቶች የዕለት ሥራ ናቸው። እዚያ ሥነ ጥበብ የተባለው እዚህ «የሴት ሥራ» ይባላል።

ንቀቱ አዲስ አይደለም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ አንጥረኛውን «ቡዳ» ሲል የኖረ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ገና አልወጣም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ቃል ከቃል አጋጥሞ ሰምና ወርቅ ያወጣውን ሊቅ ይለዋል። ክር ከክር ያጋጠመችውን ግን ምን ይላታል? ቋንቋው ራሱ ከሰው ይበልጥ ፍትሐዊ ነው፤ ለሊቁ ዕውቀትም ለቀሚሱ ጥለትም አንድ ቃል ሰጥቷል፦ ጥበብ።

ንቀቱ ዋጋ ያስከፍላል። ከውጭ የሚገባ፣ ጥበብ የሚመስል ሥዕል የታተመበት ጨርቅ በየገበያው ተዘርግቷል። በእጅ ከተሠራው በብዙ ይረክሳል፤ ገዢም በበዓል ቀን ከሩቅ ሲታይ ለውጥ የለውም ብሎ ይገዛል። ፈታይዋ ከዚህ ጋር በዋጋ መወዳደር አትችልም። ልቃቂቷን ስትሸጥም የምታገኘው ከጥጡ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ የፈተለችበት ሰዓት ሒሳብ ውስጥ አይገባምና። ሰዓቱ ያልተቆጠረላት ሴት ልጇን ፍተል አስተማሪ ብትባል «ምን አገኘሁበትና» ብትል ማን ይፈርድባታል?

«ክልሉ ጦርነት ውስጥ ሆኖ፣ መንገድ እየተዘጋ፣ ስለ እንዝርትና ስለ ጎመን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከከተማ የሚጠበቀው ዕቃ ይቀራል፣ ገበያ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ቤቱን የሚያቆመው ጓሮው ያበቀለው ጎመንና ከአሮጌው የተደረተው የሌሊት ልብስ ነው። በሰላም ጊዜ የተናቀ ሙያ በክፉ ቀን የቤት ምሰሶ ይሆናል። በርግጥ ጥጡም ከቆላ የሚመጣው፣ ጋቢውም ለገዢ የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ሰላም ለእንዝርቷም ያስፈልጋታል።

ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ነጋዴ የታተመውን «የታተመ»፣ የተሸመነውን «የእጅ ሥራ» ብሎ ይሽጥ፤ ተቆጣጣሪውም ይህን ያስከብር። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ የተቋቋመው ሳባሃር በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ለውጭ ገበያ እንደሚሸጥ ታይቷል፤ የምሥራቅ ጎጃም ልቃቂት ለእንዲህ ያለ ገዢ የሚደርስበት ማኅበር ቢኖረው ሰዓቱም ዋጋ ያገኛል። ትምህርት ቤቶች ጥበብን ሲያስተምሩ ከወረቀትና ከቀለም አልፈው የሰፈሩን ፈታይና ሰፌድ ሰፊ በክብር መምህርነት ይጋብዙ። የወል ግጦሽ መሬት ሲከፋፈል አክርማና ስንደዶ የሚነቀልበት ጥቂት ሜዳ ይተው።

እስከዚያው ድረስ ያለ በጀትና ያለ አዋጅ የሚቻል አንድ ነገር አለ። አንድን ሕግ ወይም ንግግር ለመንቀፍ አማርኛ ቃል አያጥረውም፦ የተዘበራረቀ፣ የተምታታ፣ ውል የሌለው። ድሪቶ ግን ውል አለው። አንዲት ሴት ቁራጩን ከቁራጩ እያስተያየች፣ የሳሳውን ከወፈረው እየደገፈች፣ ምንም ሳይጣል ብርድ የሚከላከል ነገር ሠርታበታለች። በየመድረኩ ድሪቶ እየተባሉ የሚሰደቡት ሰነዶች ያን ያህል ቢጠነክሩ ኖሮ አገር በተጠቀመ ነበር።