በመሳቢያ የቀረው ሰላይ

ያልታተመ መጽሐፍ የሚወዱ ሰዎች አሉ። ያላነበቡትን፣ ምናልባትም ዕድሜ ልካቸውን የማያነቡትን መጽሐፍ ነው የሚወዱት። ዓመታት ሙሉ ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ የሟች ቤተሰብ ደጅ ይጠኑለታል፤ አሮጌ ፋይል ያገላብጡለታል። ይህን የሰማ የተማረ ሰው ራሱን ነቅንቆ «ሥራ ፈቶች!» ይልና ያልፋል። እኔ ዛሬ ለእነዚህ «ሥራ ፈቶች» ጥብቅና ልቆም ነው የተነሣሁት። ከሳሾቻቸው ደግሞ አብዛኞቹ የሙያ ወገኖቼ፣ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ናቸው፤ ምን ይደረግ።

መጽሐፉ «ፐር ፋይን አውንስ» ይባላል። ስሙን የወሰደው ከወርቅ ገበያ ነው፤ የወርቅ ዋጋ የሚነገረው በአንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ ነውና። መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን የአንዱ አውንስ ይፋዊ ዋጋ 35 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ጸሐፊው ጄፍሪ ጄንኪንስ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ጋዜጠኛና ደራሲ ነው። ባለታሪኩ ግን የእሱ አይደለም። ጄምስ ቦንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንያዘው)። ቦንድን በ1953 ለዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኢያን ፍሌሚንግ በነሐሴ 1964 ሞተ። ደራሲው ይሙት እንጂ ሰላዩ ገና ጉልበቱ ነበር፤ ፊልሙ ይታያል፣ መጽሐፉ ይሸጣል። የድርሰቱን መብት የያዘው ግሊድሮዝ የተባለ ኩባንያ «ማን ይቀጥልልን?» በሚልበት ሰዓት ጄንኪንስ ብቅ አለ። የፍሌሚንግ ወዳጅ ነበር፤ ለንደን ውስጥ በአንድ የጋዜጣ ድርጅት ሠርተዋል። ቦንድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለ መውሰድ ከሟቹ ጋር ቀደም ብለን ተነጋግረንበት ነበር አለ። ኩባንያው ጻፍ አለው። ጻፈ። በ1966 ገደማም ጨረሰ። ኩባንያው አየውና አልፈልግም ብሎ መለሰለት። በ1968 እንግሊዛዊው ኪንግስሊ ኤሚስ፣ ሮበርት ማርካም በሚል የብዕር ስም «ኮሎኔል ሰን»ን አሳተመ፤ የፍሌሚንግ ተተኪ ተብሎ የሚታወሰውም እሱ ሆነ። ጄንኪንስ ሌሎች መጻሕፍቱን ጽፎ፣ ሸጦ፣ በ2001 ሞተ። የቦንዱ ረቂቅ ግን የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ነው አፍቃሪዎቹ የመጡት። ከእነሱ አንዱ፣ ኋላ ራሱም የስለላ ልብ ወለድ ደራሲ የሆነው ጋዜጠኛ ጄረሚ ደንስ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ጉዳዩን ተከታትሎ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣበት። ሌሎችም ተቀባበሉት። በመጨረሻ ከደራሲው ወረቀቶች መካከል 18 ገጽ ተገኘ። አሥራ ስምንት! ከአንድ ሙሉ ልብ ወለድ 18 ገጽ ማለት ከአንድ በግ አንድ ጆሮ እንደ ማለት ነው። እነሱ ግን «18 ገጽ አለ፤ የቀረው የለም» ብለው መዘገቡት። ጄንኪንስ ከፍሌሚንግ ጋር ተነጋግረንበታል ያለውንም «ብሏል» ብለው ነው የሚጽፉት። በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳርም በኖርኩባቸው ዓመታት፣ «ብሏል» እና «ነው» የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት የቻለ ተማሪ ሳገኝ እንደ በዓል ነበር የምቆጥረው። ሥራ ፈት የተባለው አንባቢ ግን ማንም ሳያስተምረው ለይቷል።

«እሺ፣ ቢገኝስ ምን ሊጠቅም? የተጣለው ደካማ ስለሆነ አይደል?» ይላሉ ወገኖቼ። ይህ ክርክር የሚያምር የሚመስለው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ደካማ መሆኑን በምን አወቅን? አንብበነዋል እንዴ? አንድ ኩባንያ ለንግዱ አይስማማኝም ያለውን ውሳኔ የጥበብ ፍርድ አድርገን የምንቀበለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሁለተኛ፣ ደካማ ቢሆንስ? ዘመኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ደካማውን መጽሐፍ ይበልጥ ይፈልገዋል። ትልቅ ደራሲ ከዘመኑ ጋር ይሟገታል። የገበያ ደራሲ ዘመኑ ያቀበለውን እንዳለ ይጽፋል፤ ጠላቱንም ወዳጁንም ከአንባቢው ጓዳ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ሰው ሳያስበው ያምን የነበረውን ነገር ፈልጉ ብትሉኝ ወደ ስለላ ልብ ወለድ ነው የምልካችሁ።

እስቲ ዘመኑንና ቦታውን አስታውሱ። ደቡብ አፍሪካ፣ 1966። አፓርታይድ ሥር የሰደደበት ጊዜ ነው። ማንዴላና ጓዶቹ ከተፈረደባቸው ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ያንን ወርቅ ከምድር ሆድ የሚያወጣው ጥቁር ሠራተኛ ነው፤ የሚሸጠው በአብዛኛው በለንደን ገበያ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሰላይ፣ በወርቅ ስም የተጠራ ታሪክ ይዞ፣ እዚያ አገር ሲገባ ከማን ጎን ይቆማል? ማንን ጠላት ይላል? ጥቁሩ ሰው በታሪኩ ውስጥ ይናገራል ወይስ ሻንጣ ብቻ ይሸከማል? ሙሉው ረቂቅ ካልተገኘ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሙሉ መልስ አይኖርም። ይህ የወጣት ሱሰኞች ጥያቄ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ጥያቄው ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጄንኪንስ ቦንድን በወረቀት ላይ ደቡብ አፍሪካ ከማስገባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1962፣ አንድ እውነተኛ ሰው በሐሰት ስም ድንበር እየተሻገረ ነበር። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዟል። ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ተኩስና ፈንጂ ተምሯል። አገሩ እንደተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ኔልሰን ማንዴላ ነው። ከኢትዮጵያ በስጦታ ያገኘው ሽጉጥ በሪቮኒያ፣ ሊሊስሊፍ በተባለ እርሻ ተቀበረ፤ በኋላ ዘመን ተቆፍሮ ተፈልጎ አልተገኘም። ልብ በሉ፣ ሽጉጡን የሚፈልጉትን ማንም «ሥራ ፈቶች» አላላቸውም። ብረቱ ታሪክ ስለሆነ ነው። የዚያኑ አገር፣ የዚያኑ ዘመን፣ ከወዲያኛው ወገን የተጻፈ ወረቀትስ? ወረቀት ሲሆን ጊዜ ቀልድ ሆነ?

ሌላው ክርክር ጠንከር ያለ ነው። «የሟች መሳቢያ አይበረበርም፤ ደራሲ ያላሳተመውን ማውጣት ነውር ነው» ይላል። ደራሲው «አቃጥሉት» ብሎ ከተናዘዘ በእርግጥ ያስቸግራል፤ የካፍካ ወዳጅ ማክስ ብሮድ ኑዛዜውን ሳይፈጽም በመቅረቱ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ጄንኪንስ ግን የጻፈው ታዞ፣ ሊታተም፣ ሊነበብ ነው። የከለከለው ሌላ ሰው ነው። ኩባንያው አላሳትምም የማለት መብት ነበረው፤ እቀበላለሁ። አላሳትምም ማለት ግን አልተጻፈም ማለት አይደለም። ማሳተም ሌላ፣ ማስቀመጥ ሌላ። ፈላጊዎቹ የሚሉት «የተጻፈ ነገር ተጽፏል፤ የት እንዳለ እንወቅ» ነው።

አፍቃሪዎች ሁሉ ቅዱሳን ናቸው አላልኩም። ፍቅራቸው ከልክ አልፎ የጎደለውን በራሳቸው የሚሞሉም አሉ። ገበያም ያሸታል፤ በ2014 በዚያው በ«ፐር ፋይን አውንስ» ስም፣ በፒተር ቮልመር የተጻፈ ሌላ ልብ ወለድ ታትሟል። ቦንድ የለበትም፤ ባለታሪኩ ጄንኪንስ በሌላ ሥራው የፈጠረው መርከበኛ ጄፍሪ ፒስ ነው። መጻፉ ክፋት የለውም። ስሙን አይቶ «ተገኘ!» የሚል ሰው ቢኖር ግን የሚያርመው ማን ነው? ያው አፍቃሪው ነው። የጠፋውን ነገር ቅርጽ በትክክል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነዋ።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች ላጥና ብሎ ርእስ አስገባ። ጎበዝ ልጅ ነው። መርካቶና ፒያሳ ያሉትን መጽሐፍ አከራዮች እየዞረ፣ የትኛው መጽሐፍ ስንቴ እንደተከራየ፣ የትኛው ገጽ ተገንጥሎ እንደቀረ፣ ሰዉ ምን ብሎ እንደመለሰው በደብተር መዝግቧል። የመረመሩት መምህራን ሣቁበት። «ይሄ እኮ የአውቶቡስ ንባብ ነው! ቁም ነገር አምጣ» ተባለ። ስብሰባው ላይ ተከራከርኩ፤ በድምፅ ተሸነፍኩ። ልጁም ቁም ነገር አመጣ፤ መቶ ሰው የጻፈበትን ርእስ መቶ አንደኛ ሆኖ ጻፈና ተመረቀ። ዛሬ እነዚያ አከራዮች ሱቃቸውን ዘግተዋል፣ የሞተም አለ። ያንን ደብተር ዛሬ ልሥራው የሚል ተመራማሪ ቢመጣ ማንን ይጠይቃል?

ንቀታችን አስቂኝ ጎንም አለው። አንድን የስለላ ልብ ወለድ ስንወደው ስሙን እንቀይርለታለን። «ኦሮማይ» ምንድን ነው? ሤራ አለ፣ ሰርጎ ገብ አለ፣ በፍቅርና በምሥጢር መካከል ድርብ ኑሮ የምትኖር ሴት አለች፣ ርእሱ ራሱ የምሥጢር ዘመቻ ስም ነው። ሌላ አገር ቢሆን በስለላ መደርደሪያ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ክብሩም አይቀንስበትም። እኛ ግን «እሱማ ሥነ ጽሑፍ ነው» እንላለን። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወጥቶ ሲቀር፣ መጽሐፉን ያዳነው የትኛው ተቋም ነው? አንባቢ ነው። የደበቀው፣ በፎቶ ኮፒ ያባዛው፣ ሌሊት አንብቦ ጠዋት ለጎረቤቱ ያቀበለው ሰው ነው። «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለም ሲያነበው፣ መንገዱን የጠረገው ያ ስሙ የማይታወቅ ባለ ፎቶ ኮፒ ነው። የአውቶቡስ አንባቢ!

«ኦሮማይ» ለመትረፍ አንድ ዕድል ነበረው፤ ታትሞ ነበር። ሳይታተም የቀረውስ? በንጉሡም በደርጉም ዘመን ረቂቅ ሁሉ በሳንሱር በኩል ያልፍ ነበር። ያለፈው ታተመ። ያላለፈው ወደ ሣጥን ተመለሰ። ሣጥኑ ለልጆች ወረደ። ልጆች ቤት ሲቀይሩ ወረቀቱ በኪሎ ተሸጠ፤ ገዢውም ቆሎ ጠቀለለበት። እኔና እናንተ ያን ቆሎ በልተናል። ቡና ላይ ስንቀመጥ ደግሞ «እገሌ እኮ ያልታተመ ግሩም ልብ ወለድ ነበረው» እንላለን። ነበረው! አድራሻውን የጠየቀ የለም፣ ልጆቹን ያነጋገረ የለም። ወሬውን እንወዳለን፤ ፍለጋው ይደክመናል።

እንግሊዞቹ ገንዘብ ስላላቸው ነው እንዳትሉኝ። የፍሌሚንግን ረቂቆች በ1970 የገዛው የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሊሊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ለእሱ በእርግጥ ገንዘብ ያስፈልጋል። 18ቱን የጄንኪንስ ገጾች ለማግኘት ግን የተከፈለው ጊዜና ጽናት ነው። እኛስ ይህ አለን አይደል? የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች አንድ ቁም ሣጥንና አንድ መዝገብ ያኑሩ፤ በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሟች ደራስያን ቤተሰቦች ይላኩ፤ ምን እንዳለ፣ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደሚገኝ ይመዝገብ። አሳታሚዎች የመለሱትን ረቂቅ ስምና ቀን ይጻፉ። የአባታችሁ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ያለባችሁ ልጆች፣ ባለ ሚዛኑን ከመጥራታችሁ በፊት አንድ የሚያነብ ሰው ጥሩ። የስለላ ይሁን፣ የፍቅር ይሁን፣ የረቀቀ ይሁን፣ የተንዛዛ ይሁን፣ ምርጫው ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ይገኝ።

«ጥሩ መጽሐፍ ራሱን ያድናል» የሚል ብሂል በመምህራን ክፍል ውስጥ ስሰማ ነው የኖርኩት። ብራናዎቻችን ለእኛ የደረሱት ራሳቸውን አድነው ነው እንዴ? በየዘመኑ ጎንበስ ብሎ የገለበጣቸው፣ ጦርነት ሲመጣ ዋሻ ያስገባቸው ሰው ነበረ። ያ ሰው ከሁሉ በፊት አፍቃሪ ነበር። የጄንኪንስ ፈላጊዎች የእሱ ዘመዶች ናቸው፤ የሚወዱት ሽጉጥ ታጣቂ ሰላይ በመሆኑ ዝምድናው አይፋቅም። እነሱ ከጠፋው መጽሐፍ 18 ገጽ ይዘዋል። እኛ ከጠፉት ስንት ገጽ ይዘናል?